የካፒቴኑ ጀልባ እንዴት እንደተሟሸች

አርብ ገበያ ላይ የቃጫ ገመዴን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ... መንገዱ ላይ ሁካታ ተነሳ። ቀና ስል ጣሊያኖቹ በካሚዮን ጀልባ ጭነው ቡታጅራ ገብተዋል!

ጀልባ ነው የምላችሁ። የጦር ሰፈሩ ካፒቴን ለካ ዝዋይ ሐይቅ ወርዶ ዓሣ ማጥመድ አምሮታል። ሰውዬው ተራራ አገር ነው አሉ ያደገው፣ ጀልባ ኖሮት አያውቅም። ከአዲስ አበባ ከአንድ ነጋዴ ሲገዛት እንኳ ዞር ብሎ ጎኗን አላያትም። ቀለሟ አምሮት ነው አሉ። ቀለም!

የሰኔ ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ካሚዮኑ ከከተማው ወዲያ ያለውን ጭቃ ማለፍ አቃተው። ጀልባዋን አውርደው ጋሪ ላይ ጫኗት። ከዚያ አስተርጓሚው ሸምሱ ወደ እኔ መጣ። የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ሲያድግ ያየሁት።

«እትዬ ወርቄ፣ ጠንከር ያለ ገመድ ይምረጡልኝ። ጀልባዋን የምንጎትትበት።»

እኔም ደስ ብሎኝ ወፍራም ወፍራሙን አነሳሁለት።

«ማን ነው የሚጎትታት?» አልኩት፣ እንዲያው ለወሬ ያህል።

ሸምሱ መሬት መሬቱን አየ። «የእርስዎ በሬዎች ናቸው እትዬ... ካፒቴኑ ግጦሽ ላይ አይቷቸው ወደዳቸው።»

ክው አልኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴን ያቆሙት እነዚያ ሁለት በሬዎች ናቸው። ጣሊያን የወሰደው በሬ ደግሞ ተመልሶ አያውቅም፣ እዚያው ወጥ ሆኖ ይቀራል። ያውም እርሻው ሳያልቅ!

እምቢ ማለት ጅራፍ ነው። ልመናም አያዋጣም። ስለዚህ ምክር ልሰጥ ተነሳሁ።

«ሸምሱ፣ እስቲ ካፒቴኑን ጠይቅልኝ። ይቺ ጀልባ ተሟሽታለች?»

«ምን?»

«አዲስ ድስት የገዛ ሰው ሳያሟሽ ይሠራበታል? ጀልባም ዕቃ ናት። ውሃ ይሞሏታል፣ ያሳድሯታል፣ ከዚያ ያይዋታል በለው።»

ሸምሱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተረጎመ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ጀልባዋ ፀሐይ ላይ ስለከረመች እንጨቷ ተሰነጣጥቋል፣ በጎኗ ጣት ታሾልካለች። ውሃው ሲንዠቀዠቅ ካየ ተስፋ ቆርጦ ይተዋታል፣ በሬዎቼም ይተርፋሉ።

ካፒቴኑ ወታደሮቹን ውሃ አስቀዳ። አይ ስታፈስ! ገበያተኛው ንግዱን ትቶ ከቧት ቆመ። እኔ በሆዴ እልል እያልኩ በአፌ «ወይኔ፣ የማትረባ ዕቃ ናት» ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ። ሰውዬው ግን ግትር ነው፣ እየጎደለች እያስሞላ አመሸ።

በማግስቱ ጠዋት ሸምሱ እየሮጠ መጣ።

«ጉድ ሆነናል እትዬ! ጀልባዋ ማፍሰሷን አቆመች!»

እንጨቱ ለካ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ስንጥቁን ሁሉ ደፍኖታል... ላበላሽበት ብዬ ጠግኜለት አረፍኩ! ካፒቴኑ ሲያየኝ «ብራቫ! ብራቫ!» እያለ እጄን ጨብጦ ሊገነጥለው ደረሰ። እንደ እርስዎ ያለ የጀልባ አዋቂ በአገሬም አላየሁም ይላል፣ አለኝ ሸምሱ።

በሬዎቼ ግን ያው ተጠምደዋል፣ በራሴ ገመድ ከጋሪው ጋር ታስረው። አንደኛው አንገቱን አዙሮ ሲያየኝ እንባዬ መጣ።

ካፒቴኑ ሊነሳ ሲል ስለ ጉዞውስ ምን ትመክሪኛለሽ ብሎ አስጠየቀኝ። ራሱ ጠየቀ እንግዲህ!

«ውሃውን እንዳትደፉት» አልኩ። «ከደረቀች መልሳ ትሰነጠቃለች። ጀልባ እንደሞላች ነው የምትጎተተው።»

ሸምሱ ፊቱ አመድ መሰለ። «ከነቃ ሁለታችንንም ነው የሚገርፈን» አለኝ በጉራጌኛ።

«አንተ ዝም ብለህ ተርጉም።»

ተረጎመ። እንዲያውም ኋላ እንደነገረኝ «እስከ አፍ ገደፏ ትሙላ» ብሎ ከራሱ ጨምሮበታል፣ የተባረከ!

ትናንት ያመነኝ ሰው ዛሬ ምን ብሎ ይጠርጥረኝ? ጢም አድርገው ሞሏት። በሬዎቼ ሳቡ፣ ጋሪው አቃሰተ... እኔ ቤት ፊት ለፊት ያለው ቦይ ላይ ሲደርስ የመንኮራኩሩ እንጨት ቋ! አለ። ጀልባዋ እስከ ሆዷ ጭቃ ውስጥ ተቀመጠች፣ ውሃው ደግሞ ተገልብጦ ካፒቴኑን ከጉልበቱ በታች አጠበው።

ማንም አልሳቀም። መሳቅ ያስገርፋላ! ግን ሴቱም ወንዱም ነጠላውን አፉ ላይ አድርጓል።

ካፒቴኑ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አለቀልሽ ወርቄ አልኩ በልቤ። ሰውዬው አንድ ነገር ጮኸ፣ ሸምሱም ተነፈሰና ተረጎመልኝ።

«ይሄ የማይረባ ጋሪ! ነው የሚለው።»

ጋሪውን ረገመ እንጂ እኔንስ አልጠረጠረም! ሸምሱም አጋጣሚውን አላሳለፈም። «ጌታዬ፣ ሌላ ጋሪ እስኪመጣ በሬዎቹ እሷው ጋ ቢቀለቡ ይሻላል» አለው። ካፒቴኑ «ቤኔ» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው። ጨምሮም የጀልባዋ ጠባቂ አድርጎ ሾመኝ፣ እንዳትደርቅ አደራ ብሎ።

ይኸው ክረምቱ ገባ። አዲስ ጋሪም አልመጣ፣ ጀልባዋም ከቤቴ ፊት ለፊት ንቅንቅ አላለች። እርሻዬን ጨርሻለሁ። አደራ በልቼ አላውቅምና ውሃ አጉድዬባት አላውቅም... በሬዎቼ ጠዋት ማታ የሚጠጡት ከእሷ ነው።

ጀልባ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ኑ፣ ምክሬን አልነፍጋችሁም... ብቻ በሬዎቼን እንዳትጠምዱብኝ።