በምርጫው ቀን የበላነው ምሳ

የእስር ቤቱ ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ወለሉ በሰው እግር ተሞልቶ የምረግጥበት አጣሁ። ክፍሉ ላብና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ከግድግዳው ሥር አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ሰብስበው፣ "ና፣ እዚህ ተቀመጥ" አሉኝ። በጃንሆይ ጊዜ የአውራጃ ገዥ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የጥበቃ ኃላፊው ገብቶ የክፍል ተጠሪ እንድንመርጥ አዘዘ። ዕጩው አንድ ብቻ ነበር፤ የምናወራውን ለቢሮ የሚያደርስ እስረኛ።

"የሚደግፍ እጁን ያውጣ!"

ሁላችንም አወጣን። ጋሼም አወጡ። ኃላፊው "በሙሉ ድምፅ" ብሎ ሄደ።

ከጎኔ የነበረው አስተማሪ በሹክሹክታ፣ "ጋሼ፣ እርስዎስ በስንት ድምፅ ነበር የተሾሙት?" አላቸው።

"በአንድ። በጃንሆይ።"

ሳቃችንን በሳል ሸፈንነው።

ምሳ ደረሰ። ከየቤታችን የመጣልንን ቀላቅለን አብረን ነበር የምንበላው፤ ጋሼ ባርከው ሳይጀምሩ ማንም እጁን አይሰድም። ያን ቀን ግን ተመራጩ ቀደመ።

"ከእንግዲህ የማስጀምረው እኔ ነኝ። ብሉ!"

ማንም አልነካም። ሁሉም ጋሼን ያያል።

"አትሰሙም? አድመውብኛል ብዬ ለኃላፊው ነው የምነግረው!"

በአድማ የተጠረጠረ ወደ ምርመራ ይወሰድ ነበር፤ ከዚያ ያልተመለሱ አሉ። በመጀመሪያ የሚጠሩት ጋሼ እንደሚሆኑ ሁላችንም አውቀናል።

ጋሼ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ ሰውየው አፍ ዘረጉ።

"እንካ ልጄ። አንተም እንደኛው ርቦሃል።"

ተመራጩ በሩን አየ፤ እሳቸውን አየ። አፉን ከፈተ። አንገቱን ደፍቶ አላመጠ። ያኔ ሁላችንም እጃችንን ሰደድን።

የተናገረ አይመስለኝም፤ ጋሼን ማንም አልጠራቸውም። እኔ ወደ ሌላ እስር ቤት ስዛወር እዚያው ነበሩ። መጨረሻቸውን አላውቅም።

አሁን የምኖረው ሆላንድ ነው፣ ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ የሚባል ሰፈር፤ ራይስዋይክ ወደምትባል ከተማ እየተመላለስኩ በማለዳ ቢሮ አጸዳለሁ። ዘንድሮ እኛም የውጭ ሰዎቹ የማዘጋጃ ቤቱን ምክር ቤት እንድንመርጥ ተፈቀደልን። ከሥራ መልስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ከመከለያ ጀርባ ቆሜ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ በቀይ እርሳስ አንዲት ክብ ቀባሁ። እጄን ማንም አላየውም። ደክሞኝ ስለነበር ደስታውን እንኳ በቅጡ አላጣጣምኩትም።

ከዚያ ለምሳ ወዳጄ ቤት ሄድኩ። እዚህ ያደገች ትንሽ ልጁ ጎርሳ ጎርሳ ቀና አለችና፣ "አንተ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለችኝ።

"ሽማግሌ።"

ገበታውን ዞር ዞር ብላ ቃኘች። "የለም እኮ!"

"አውቃለሁ" አልኳት። እኔም እጄን ሰደድኩ።