ሁለት ጓንጉል፣ አንድ ሰርግ

ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርበት ከቶተንሃም ተነስቼ፣ ከተማውን አቋርጬ ወደ ስትሪትሃም ጉዞ ጀመርኩ። የምሄደው ልጄን ሊያን ሊያገባ ያሰበውን ናሆምን ወዳሳደጉት የአባቱ እህት፣ እትዬ ለተብርሃን ወደሚባሉ የአስመራ ሴት ቤት ነው። በማግስቱ እሑድ ሽማግሌ ሊልኩብኝ ተቀጣጥረናል። የልጁን ሙሉ ስም የሰማሁት ግን ገና ሐሙስ ነው፤ ናሆም ጓንጉል። የእኔም ልጅ ሊያ ጓንጉል ናት!

እዚህ ፈረንጅ አገር የአያት ስም ሰርኔም፣ የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ በአባት በኩል ልጅን ይከተላል። ስለዚህ የሁለቱም አያት ጓንጉል ናቸው። ሊያ ስነግራት፣ ስሚዝ የሚባል ስንት አለ ብላ ሳቀችብኝ። እሷ ምን ታውቃለች? የሟቹ ባሌ አባት ዕድሜ ልካቸውን ከደሴ አስመራ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። የሾፌር ነገር ደግሞ ይታወቃል፤ በየከተማው ጎጆ አያጣም። አያታቸው አንድ ሰው ከሆነ ሰርጉ ቀረ። እኛ እንኳን የአጎት ልጅ፣ ሰባት ቤት ሳንቆጥር አንጋባም።

ብሪክስተን

ባቡሩ ውስጥ፣ ጓንጉል የጥንት መኳንንትም የተጠሩበት ስም ነው፣ የአንድ ሾፌር ርስት አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ብሪክስተን ወረድኩና፣ ባዶ እጅ አይኬድምና ከገበያው ማንጎ ገዛሁ። ዋጋውን ሲነግረኝ በአማርኛ «ለምን አትገፍፈኝም!» አልኩት። ባይገባውም ሳቀና አንድ መረቀልኝ። ከዚያ በአውቶቡስ ዳገቱን ወጣሁ።

ስትሪትሃም

እትዬ ለተብርሃን ከሱቅ በላይ ያለ ፍላት ውስጥ ነው የሚኖሩት። አማርኛቸው የጃንሆይ ጊዜ የትምህርት ቤት አማርኛ ነው፣ ጥርት ያለ። ሻይ በቅርንፉድና ሕምባሻ አቀረቡልኝ። እንደምንም ደፍሬ የሾፌሩን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አዳመጡኝና ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶግራፍ ጠቆሙኝ። ጥምጥም የጠመጠሙ፣ መስቀል የያዙ ሰው ናቸው።

«አባቴ ቄስ ጓንጉል፣ የናሆም አያት» አሉኝ። «መኪና መንዳት ቀርቶ ሲሳፈሩም ያማትቡ ነበር። እኔም የልጅሽን ስም ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ተያየንና በሳቅ ፈረስን። ቢሆንም ወግ ነውና፣ እሳቸው የአባታቸውን ወገን፣ እኔ የባሌን ወገን፣ በእናትም በአባትም ወደ ላይ ቆጠርን። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዘሩን በቃሌ አስጠንቶኝ ነበር። ከጓንጉል በላይ አንድም ስም አልገጠመም። እልልታዬን አቀለጥኩት! ጎረቤት ደንግጣ በር አንኳኳች፤ ማንጎ ሰጥተን ሸኘናት።

ቶተንሃም

ሊያ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቴን አይታ ሳልነግራት ገባት።

ባሌ ወንድ ልጅ ሳይወልድ ስለሞተ፣ የአባቱ ስም ከሊያ አያልፍም እያልኩ ስንት ዓመት አንጀቴ አርሯል። አሁን ቁጭ እንዳልኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ለመሆኑ የምትወልጃቸው ልጆች ማን ሊባሉ ነው?» አልኳት።

«ጓንጉል ነዋ፣ ማሚ። የአባታቸውም ስም ጓንጉል አይደል?»

ሦስት ቀን ሙሉ ያስፈራኝን ስም ሄጄ ባልጠይቅ ኖሮ ይህን ደስታ በገዛ እጄ ላስቀረው ነበር። ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ አቅፌያት አለቀስኩ።