ሽቦ የሠራው አንቴና

ባሌን ሰው ሁሉ «ሽቦ» ነው የሚለው። የሞተ ዕቃ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም፤ ሬዲዮም ይሁን ስልክ ከፍቶ ካልጎረጎረ እንቅልፍ አይወስደውም። የጥገና ሱቁ ከመኝታ ክፍላችን ጋር በአንድ በር ስለሚገናኝ ትራሴ ላይ ሳይቀር ብሎን አገኛለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ወድጄ ነው ያገባሁት!

ሰፈራችን ኢንተርኔትን በወሬ ብቻ ሲሰማ በነበረበት ጊዜ፣ ሽቦ ከወዳደቀ ብረት አንቴና ሠርቶ ጣሪያችን ላይ ተከለ። ከማዶ ካለው የኔትወርክ ማማ እየተቀበለ ለጎረቤት ሁሉ በነጻ ያዳርሳል። ነፋስ ሲነፍስ ይቋረጣል፣ ሲያካፋ ይጠፋል፣ ምስል ከመጣማ የሰውዬው አፍ እንደተከፈተ ድርቅ ይላል። ቢሆንም ከምንም ይሻላል ብለን መረቅነው።

ያ አንቴና ነው ጉድ ያመጣብን። በመንግሥት ድጎማ ፈጣን መስመር ይዘረጋላችኋል ተብለን ስንጠብቅ፣ ሬዲዮው አዲስ ረቂቅ አዋጅ ቀረበ አለ። በድሮው ደንብ አገልግሎቱ ደካማ የሆነበት ሰፈርም ድጎማ ያገኝ ነበር፤ ረቂቁ ከጸደቀ ግን ጭራሽ ለሌለው ብቻ ነው። ገና አልጸደቀም። የት አለ የት የለም እያሉ የሚመዘግቡት ለኪዎች ግን ከወዲሁ ቤት ለቤት መዞር ጀምረዋል።

ልጃችን ርቃ ሄዳ በኮምፒውተር የሰው ሂሳብ ትሠራለች፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ ያውም ብቻዋን። አሠሪዋ «የማይቆራረጥ መስመር ካለ እናትሽ ቤት ሆነሽ ሥሪ» ብሏታል። መስመሩ ከገባ ትመጣልኛለች። ካልገባስ? ስትወልድ ማን ያርሳታል?

«ውጣና ያንን ነገር አውርደው» አልኩት ሽቦን።

«አላወርድም። ማጭበርበር ነው።»

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት አንተ ነህ! ለብረት ብለህ ልጄን ልታስቀርብኝ ነው?»

«ራሳቸው መጥተው ይዩት። ሲቆራረጥ ሲያዩ ይገባቸዋል፤ ይሄ እኮ አገልግሎት አይባልም» አለ። ዓይኑ ግን ከጣሪያው አልተነሳም። እሱም ፈርቷል።

ለኪው የመጣ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። አንተ ነፋስ፣ ሌላ ጊዜ ጣሪያ ካልገነጠልኩ ትላለህ፣ ዛሬ የት ገባህ! ሽቦ ችግሩን ሊዘረዝር ጉሮሮውን ሲጠርግ አማቴ፣ የሽቦ እናት፣ ቀደሙት። እሳቸው ዘንድ ለእንግዳ ጎደለኝ ማለት ነውር ነው፤ ልጃቸው በሰው ፊት ሲያንስማ ጭራሽ አይወዱም።

«ኧረ ምን ጎድሎን የኔ ልጅ! ልጄ ዕድሜ ይስጠውና ጣሪያው ላይ ተክሎልን ሰፈሩ ሁሉ ይጠቀማል። እንደ ልባችን ነው!»

«እማማ!» አልኳቸው ቀሚሳቸውን እየጎተትኩ።

«ምን አጠፋሁ? እውነት አይደለም?»

የሽቦ አመዱ ቡን አለ። «ይቆራረጣል ጌታዬ፣ ምስልማ ጨርሶ አይዝም፣ ቆይ ላሳይዎት» ብሎ ስልኩን ሲያነሳ ስልኩ ራሱ ጮኸ። ልጃችን ናት፣ በምስል። እሷም እንደኛ ጨንቋት ሥራው አልያዝላት ብሏል።

ሽቦ ወደ ለኪው አስጠግቶ ከፈተው። ምስሉ እስኪደርቅ ሁላችንም ጠበቅን፤ ለኪውም አብሮን ጠበቀ። አልደረቀም። ጉንጯ ላይ የወጣው ማድያት ሳይቀር ይታያል። በዕድሜዬ የልጄ ፊት እንዲጠፋብኝ የተሳልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ውይ እማዬ! ዛሬ ምን ተገኘ? ጥርት ብለሽ እኮ ነው የምትታዪኝ!»

ለኪው ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ይሠራል» አለና ጻፈ።

«መስመሩ ገባ እንዴ?» አለች ልጄ እየሳቀች። «እቃዬን ልሸክፍ እማዬ?»

ሽቦ ስልኩን ለኔ አቀብሎኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጄም አንዴ እንኳ ሳትቋረጥ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች መልሴን ትጠብቃለች።