በአባቴ ቀብር ስልክ ይዤ

ስለ ዘንድሮ ልጅ የሚባለውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሰላምታ አያውቅም፣ ቁጭ ብሎ አይሰማም፣ ትንሽ ከፍ ሲል ደቡብ አፍሪካ ካልሄድኩ ይላል፣ እዚሁ ከቀረም ዓይኑን ከስልኩ ላይ አያነሳም። የምሠራበት ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ሊገዙ የሚመጡ አዛውንቶች የሐኪሙን ወረቀት እስካነብላቸው ድረስ ይህንኑ ያወሩልኛል፤ እኔ ራሴ የዘንድሮ ልጅ ያልሆንኩ ይመስል። አልከራከራቸውም። ግማሹ እውነት ነው። ሰላምታ ላይ እኔም ችኩል ነኝ፤ ሰውዬው ቤተሰብ ደህና ነው ወይ ብሎ ሳይጨርስ «ፍሬውን ነው ወይስ ሽሮፑን?» እላለሁ።

አባቴ የሞተው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ታሞ ስለነበር እንደማይቆይ እናውቅ ነበር። ሲደወልልኝ ለአንዲት ሴትዮ መድኃኒት እየሸጥኩ ነበር። እንዴት እንደምትወስደው አስረዳኋት፣ መልሷን ሰጠኋት፣ ከዚያ ጋዋኔን አውልቄ ወጣሁ። ምንም አልተሰማኝም። ቀስ ብሎ ይመጣል ያሉኝ ብዙ ናቸው። እስካሁን አልመጣም።

ታናሽ ወንድሜ ያለው ደቡብ አፍሪካ ነው። የሰው ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ ወረቀት ስለሌለው አንዴ ከወጣ ተመልሶ መግባት አይችልም። ያን ቀን ማታ ደውሎ ብዙ አላለቀሰም። «መቅበር ካልቻልኩ ልየው» አለኝ። «በቪዲዮ ያዢልኝ። ሲያወርዱት ልየው፤ አለበለዚያ የሞተ አይመስለኝም።» እሺ አልኩት። ከእኔ የተፈለገው ይህ ብቻ ነበር፣ ይህ ደግሞ የማይከብድ ነገር መሰለኝ።

በማግስቱ ሬሳው ከግቢያችን ሲወጣ ስልኩን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ወንድሜ ከሱቁ ጀርባ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ይታየኛል። የደንበኞቹ ጫጫታ እዚህ እንዳይሰማ ድምፅህን ዝጋ ብዬው ነበርና አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አክስቴ ያየችኝ ያኔ ነው። አክስቴ የአባቴ እህት ናት፤ እናታችን ልጆች ሳለን ስለሞተች ያሳደገችን እሷ ናት። ሁለት ሴቶች ደግፈዋት እየሄደች ቆም አለችና በሃዲይኛ፣ «አባትሽ እየወጣ ፊልም ታነሺያለሽ?» አለችኝ። «ለወንድሜ ነው» አልኳት። አልሰማችኝም፤ ሴቶቹ ይዘዋት አለፉ። ከኋላዬ አንድ የእድር ሰው፣ እንድሰማው ብሎ ይሁን ሳያስበው አላውቅም፣ «ለቲክቶክ ነው» አለ። «የዘንድሮ ልጅ አንጀት የለውም።»

ዞር ብዬ ማስረዳት እችል ነበር። ግን ልዙር ብል እጄም አብሮ ይዞራል፣ ወንድሜም የእድሩን ሰውዬ ሆድ ያያል። ተውኩት። ከምንም በላይ ያበሸቀኝ አባባሉ አዲስ አለመሆኑ ነው። አንጀት የለውም የሚለውን ከአባቴ ከራሱ አፍ ሰምቼዋለሁ፣ እየሳቀ ሲያወራው። አያቴ ሲሞት አባቴና አክስቴ ወንጌል የተቀበሉ ወጣቶች ነበሩ። ለቀስተኛው በፈረስ እየጋለበ፣ ደረቱን እየመታ ሲያለቅስ እነሱ እጃቸውን አጣምረው መዝሙር ይዘምራሉ። ሽማግሌዎቹ በጣም አዘኑ አሉ። የዘንድሮ ልጆች አንጀት የላቸውም፣ አባታቸው ሞቶ ይዘፍናሉ ተባለ። መዝሙሩን ታወጣ የነበረችው ደግሞ አክስቴ ናት። ይህን የረሳች አይመስለኝም ነበር። ለካ ረስታዋለች።

ቀብሩ ወደ ፎንቆ በሚወስደው መንገድ፣ አባቴ በተወለደበት ቀበሌ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ መንገዱ ጨቅይቷል፤ ግማሹ ሰው በአይሱዙ፣ ግማሹ በእግሩ ሄደ። አክስቴ ደም ግፊት ስላለባት ጉድጓዱ ጋ እንዳትደርስ ከመንገዱ ዳር፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር አስቀመጧት። እኔ ከፊት ቆምኩ። ሰባኪው ጸለየ፣ መዘምራኑ ጀመሩ። አንድ እጄ ሲደክም በሌላው እቀይራለሁ። አባቴን የማየው በስክሪኑ ነበር፤ ሳጥኑ ሲንቀሳቀስ ስልኩን አስከትላለሁ፣ የሰው ትከሻ ሲገባብኝ ወደ ጎን እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ይህ ተስማምቶኝ ነበር። ምስሉ እንዳይጨልም ብቻ የሚጨነቅ ሰው ሌላ ነገር አያስብም። ያን ጊዜ የእድሩ ሰውዬ ፊቴን አይቶ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነኝ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ እኔም ተሳስተሃል የምልበት ነገር አልነበረኝም።

ሁለተኛው መዝሙር መሐል ላይ ኔትወርኩ ሄደ። ወንድሜ አፉን እንደ ከፈተ ደርቆ ቀረ፣ ከዚያ ፊቱም ጠፋ። መልሶ እየተገናኘ ነው የሚል ጽሑፍ መጣ። እጄን አላወረድኩም። አሁን ይመለሳል፣ ሲመለስ ሰማይ እንዳያይ ብዬ እንደያዝኩ ቆየሁ፤ ዓይኔም ጽሑፉ ላይ ነበር። ቀና ያልኩት የአፈሩን ድምፅ ስሰማ ነው። ሲያወርዱት አላየሁም። ሦስት እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ቆሜ አላየሁም።

ወደ ከተማ ስንመለስ መልእክቱ ገባ። «መዝሙሩ ላይ ተቋረጠብኝ። አወረዱት?» ይላል። «አዎ» ብዬ ጻፍኩለት። እንዴት ብሎ አልጠየቀኝም።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ቤቱ ውስጥ አክስቴና እኔ ብቻ ቀረን። ቀን ቀን ሥራ እገባለሁ፣ ማታ የተረፈውን ቆጮ በጎመን እንበላለን። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ያነሳሽውን አሳዪኝ» አለችኝ።

«የቱን?»

«የቀብሩን። እኔ እንደሆነ ከዛፍ ሥር ተጎልቼ ወንድሜን አላየሁትም። ስልክሽ ውስጥ አለ አይደል?»

ስልኬ ውስጥ ምንም አልነበረም። ቀረጻ እንዳልሆነ፣ ለወንድሜ በቀጥታ እያሳየሁት እንደነበር ነገርኳት። ቂም ይዤ የከለከልኳት መሰላት፤ ነጠላዋን ሰብስባ ፊቷን አዞረችብኝ። ስልኬን ብትበረብረው ደስ ባለኝ። በመጨረሻ ግን፣ «እንግዲያው እሱ አይቶታል ማለት ነው» አለች። «ደውይልኝ።»

ደወልኩ። ከወንድሜ በስተጀርባ የሱቁ መደርደሪያ ይታያል። ጸጉሩን ጎንጉኗል፣ አንድ ጆሮው ላይ ጉትቻ አለ፤ አክስቴ ሌላ ጊዜ ቢሆን መጀመሪያ የምትቆጣው በጉትቻው ነበር። አሁን ግን በሁለት እጇ ስልኩን ያዘችና፣ «አንተ እንኳ አይተኸዋል። አባትህን እንዴት አድርገው አወረዱት?» አለችው።

ዝም አለ። ኔትወርክ መስሏት ስልኩን ወዘወዘችው። እኔን ፈልጎ በትከሻዋ በኩል አየኝ፤ እኔ ጭንቅላቴን አልነቀነቅኩም፣ ምንም ምልክት አላሳየሁትም። ከዚያ በሃዲይኛ ጀመረ። ገመዱን አራት ጎረምሶች እንደያዙት ነገራት። አንደኛው ሊያፈጥን ሲል ሰባኪው በእጁ ቀስ እንዳለው፣ ሳጥኑ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር እንዳልተጋጨ፣ ሲያርፍም ድምፅ እንዳልነበረው። ጭንቅላቱ በየት በኩል ነበር ብላ ጠየቀችው። ወደ ቤታችን ዞሮ ነበር አላት። ከዚያ መጀመሪያ እፍኝ አፈር የጣለበት የቱ አጎቴ እንደሆነ ሳይቀር ነገራት፤ ሊሆን የሚችለውን አጎት ነው የመረጠው።

አክስቴ አለቀሰች። በድንኳኑ ውስጥ ካለቀሰችው የተለየ፣ ድምፅ የሌለው ለቅሶ ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እየሰማሁ ነበር፤ ያኔም ምንም አልመጣልኝም። ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «ተባረክ ልጄ» አለችው። ስልኩን መልሳ ሰጠችኝ። «እሱ የድሮ ልጅ ነው» አለችኝ፣ በቁጣ ሳይሆን እንዲሁ ነገሩን እንደማስረዳት። «አንቺ ግን የዘንድሮ ልጅ ነሽ።» ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ወንድሜ መስመሩ ላይ አለ። የሆነ ደንበኛ እየጠራው ነበር፣ አልዞረለትም። ፊቱን ወደ ስልኩ በጣም አስጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀስ ብለው ነው አይደል ያወረዱት?» አለኝ።

«ቀስ ብለው ነው» አልኩት።