ጣሪያ ላይ የተሰጣችው ድራየር

ባሌ በሞተ ሳልስቱ፣ ድንኳኑ ሳይፈርስ፣ ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም፣ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ያጽናናኝ መስሎኝ ነበር። «ቁልፉ የት ነው?» አለኝ። የሚኒባሱን ቁልፍ ማለቱ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ሰው በስሙ የሚጻፈው አንድ ነገር ሠርቶ ሲገኝ ነው።

መኪናው ከቢቸና ሞጣ ይመላለስ ነበር። ባሌ ይነዳል፣ እኔ ቢቸና ያለውን የመለዋወጫ ሱቃችንን እጠብቃለሁ። ሁለቱም የሁለታችን ላብ ናቸው። የባሌ ወገን ግን ሱቁን «የሷ»፣ መኪናውን «የኛ» ማለት የጀመረው ገና ከለቅሶው ቤት ነው። ሽማግሌ ተቀመጠ። ዋናው የባሌ አጎት ነበሩ፤ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው በመሆናቸው አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። እሳቸው ፈረዱ፦ ዋርሳዬ ክረምቱን ይንዳው፤ በደንብ ከያዘው መስከረም ላይ መኪናው ለእሱ ይጽና፤ ካበላሸው ለእኔ ይመለስ።

እኔም የምናገረው አለኝ ብል፣ «ለሴት የጓዳ ቁልፍ መች አነሳት?» ብለው ሳቁ። ሌሎቹም ሳቁ። ማን ማን እንደሳቀ ዛሬም አስታውሳለሁ።

መኪናው ኤሲ ነበረው። ይህን ስናገር አሁንም የሚያላግጥ አለ። «ቢቸና ላይ ማን ሞቆት?» ይላሉ። በሐምሌ ዝናብ ከገበያ የሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው ያዩ፣ አይተውም ምንም ያልገባቸው ሰዎች ናቸው። የራሰ ጋቢ፣ የራሰ ዶሮ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽ፣ መስኮቱ ሁሉ ዝግ። የፊት መስተዋቱ ከውስጥ እንደ አጓት ይነጣል። ባሌ ያን ጊዜ ኤሲውን ይከፍታል፤ ኤሲው እርጥበቱን ከአየሩ ይለቅማል፣ መስተዋቱ ይጠራል። ለማቀዝቀዝ ብሎ የከፈተበትን ቀን አላውቅም። የሚከፍተው መንገዱን ለማየት ነበር።

በዚያ ሐምሌ፣ ግንደወይን አካባቢ፣ ድንጋይ ተፈናጥሮ የኤሲውን ቧንቧ ሰበረው። የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ወጣ። በዚህ ዋርሳዬን አልወቅሰውም፤ ድንጋይ የማንንም ቧንቧ ይሰብራል። የምወቅሰው ቧንቧውን እንደተከፈተ ትቶ ዝናብ ለዝናብ ሲነዳ በመክረሙ ነው። ቧንቧው እርጥብ አየር ሲጠጣ ከረመ።

እንዲህ ሲሆን ድራየር መለወጥ ግድ ነው። ድራየር ጠርሙስ የምታህል የብረት ዕቃ ናት። ውስጧ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ አለ፤ ጋዙ በእሷ ሲያልፍ ውሃውን ታስቀርበታለች። አንዴ ከጠገበች ግን ዋጋ የላትም። ስለዚህ ከፋብሪካ የምትመጣው ሁለቱም አፎቿ ተወትፈው ነው። ባሌ ለገዢ ሁሉ፣ «ውታፉን የምትነቅለው መፍቻው እጅህ ላይ ሲሆን ነው» ይል ነበር። እኔም ከሱቄ አንዲት አዲስ ድራየር አውጥቼ፣ እንደታሸገች፣ ይህንኑ ቃል አስይዤ ላክሁለት። ደግነት አይደለም። መኪናው የእኔ ነው።

ነሐሴ ላይ ዕቃ ላመጣ ሞጣ ሄጄ በዋርሳዬ ደጃፍ አለፍሁ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ብላ ነበር። ሚስቱ የማድቤቱ ጣሪያ ላይ ብቅል አስጥታለች። ከብቅሉ አጠገብ የእኔ ድራየር፣ ሁለቱም ውታፎቿ ተነቅለው፣ አፏን ከፍታ ተጋድማለች።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልሁት።

«እያሰጣኋት ነዋ፣ እታለም። ታፍኖ የከረመ ነገር ሳይናፈስ ይገጠማል?»

«ውታፏን መልስ። አየሩን ጠጥታ ትጠግባለች።»

«ብረት ደግሞ ምን ጠጥቶ ይጠግባል? ጠላው ገና ብቅል ነው!»

ሚስቱ ከት ብላ ሳቀች። ሊገጥማት የተጠራው መካኒክ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱም «ፀሐይ ከመታት ጥሩ ነው» አለ። ይህ መካኒክ አጠገቡ የቆመውን ሰው ሁሉ ሲደግፍ የኖረ ነው። ለምሰሶነት ተፈጥሮ በስሕተት መፍቻ የያዘ ሰው።

ቧንቧውን ጠግነው ገጠሟት፤ ጋዝም ሞሉ። ጥቂት ቀን ኤሲው ያቀዘቅዛል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ያቀዘቅዛል። ድራየሯ ያልያዘችው ውሃ ውስጥ ለውስጥ በረዶ እየሆነ መንገዱን እየዘጋው ነበር። ከዚያ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕረሰር ነከሰ፣ የሚያዞረው ቺንጋም ተበጠሰ። ዋርሳዬ ኮምፕረሰሩን የሚዘል አጭር ቺንጋ አስገጥሞ፣ ኤሲውን ትቶ፣ መንዳቱን ቀጠለ። ከሞጣ እስከ ቢቸና ለተሳፈረ ሁሉም፣ «የሞተ ዕቃ ላከችብኝ፤ መኪናው እንዳይጸናልኝ ተንኮሏ ነው» ይል ጀመር። እንግዲህ መኪናው ብቻ አልነበረም የሚሄደው። የሞተ ዕቃ ትሸጣለች ከተባለች ሴት ማን መለዋወጫ ይገዛል?

መስከረም ጠባ። ሽማግሌው ሞጣ፣ ዋርሳዬ ቤት እንዲቀመጥ ተቆረጠ። በግ ታርዷል ተባለ። ዳኞቹን ከቢቸና ሊወስድ የመጣው ራሱ ነው፤ በተከሰሰበት መኪና ተሳፍረው፣ የተከሳሹን በግ በልተው ሊፈርዱ። ማንም አላፈረም። እኔም ከየኔታ ኋላ ተቀመጥሁ።

ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ዝናቡ ወረደ። መስኮት ተዘጋ። መስተዋቱ ነጣ።

«ልጄ፣ ይታይሃል?» አሉ የኔታ።

«ይታየኛል።» በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል፤ የጠረገው መልሶ ይሸፈናል።

«ገደሉ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ ነበር።»

«ነበር?» የኔታ የተቀመጡት በቀኝ ነው።

መስኮት ክፈቱ አሉ። ዝናቡ ገብቶ ጥምጣማቸውን አራሰው። ዝጉት አሉ። ወዲያው ከነጩ ውስጥ የጭነት መኪና እያጓራ ወጣና በጎናችን ሽው ብሎ አለፈ። ከኋላ አንዱ ሽማግሌ «እመ ብርሃን!» አለ። እሱም ያኔ ከሳቁት አንዱ ነው።

«አቁም!» አሉ የኔታ። መኪናው ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ይሄ መኪና በሟቹ ጊዜ እንዲህ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«የኔታ፣ በክረምት ጨው ያሰጣሉ?»

«ጨው? ክዳኑን ረስተሽ ብትተዪው እንኳ ያለቅሳል።»

«ፀሐይ ብልጭ ብትልስ?»

«ብልጭ ብትል ምን ሊሆን? አየሩ እርጥብ!»

«ልጅዎ እንደ ጨው ያለችውን ዕቃ ከፍቶ፣ በነሐሴ፣ ከብቅል ጋር ጣሪያ ላይ አሰጣት። የሞተችው እዚያ ነው።»

«ብረትና ጨው ምን አገናኛቸው?» አለ ዋርሳዬ። ፊቱን ግን አላዞረም።

«አስጥተሃታል ወይስ አላሰጣሃትም?» አሉት የኔታ።

«የኔታ፣ ብቅሉን ስናሰጣ እግረ መንገዴን…»

«ስለ ብቅሉ አልጠየቅሁህም።»

የኔታ ጥምጣማቸውን ፈትተው ጨመቁት። «ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት። «ሞጣ ስንገባ ቁልፉን ስጣት።»

አላመሰገንኋቸውም። የፈረደልኝ ገደሉ ነው። ቀኑ በጋ ቢሆን ኖሮ በጉን በልተው ለእሱ ባጸኑለት ነበር። በጉንስ ቢሆን መች ተዉት? በልተውታል። ዋርሳዬ ቁልፉን ያኖረልኝ አጥንት የተጣለበት ትሪ ዳር ላይ ነው። አንስቼ በነጠላዬ ጠረግሁት።

ሾፌር ቀጠርሁ። መኪናውን ወደዚያው መካኒክ አስገባሁት፤ ሞጣ ላይ አየር የሚመጥ ፓምፕ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ኮምፕረሰሩ ተለወጠ፣ ቧንቧው ታጠበ፤ ከሱቄም ሌላ አዲስ ድራየር እንደታሸገች ይዤ መጣሁ። «እኔ ያኔም ብዬው ነበር» አለኝ መካኒኩ።

«መፍቻውን ያዝ» አልሁት። ከያዘ በኋላ ውታፎቹን በእጄ ነቀልሁ። ገጠመ፣ አየሩን በፓምፕ መጠጠ፣ ጋዙን ሞላ። እስኪጨርስ ከአጠገቡ አልተነሣሁም።

በቀጣዩ ክረምት የወገን ሰው ሞቶ ሁላችንም ለለቅሶ ከቢቸና ወደ ሞጣ ወጣን። መኪናው ሞላ፤ ለዋርሳዬ የተረፈው የፊት ወንበር ብቻ ነበር። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ዝናቡ ወረደ። ሾፌሩ ኤሲውን ከፈተ። ዋርሳዬ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናነበ።

«እታለም፣ በረደኝ። ትንሽ አስቀንሺልኝ።»

«ገደሉ ይታይሃል?» አልሁት።

ወደ ቀኝ አየ። «ይታየኛል።»

«እንግዲያ ተቀመጥ።»

ሞጣ እስክንገባ አላስቀነስሁም።