አሥራ ሁለቱን ቃላት ማን ይያዝልኝ?

ግለሰቦች የፈጠሩት ዲጂታል ገንዘብ ሰው ማመንን ያስቀራል ይባላል። አያስቀርም። እኔ ሰው ማመን ከተውኩ ብዙ ዓመቴ ነው፤ የሚታመን ሰው ፈልግ ብሎ ያስጨነቀኝ ይኸው ገንዘብ ነው።

አራቱ የፖለቲካ ድርጅቶች ግንባር ፈጥረው በገዙን የመጨረሻ ዓመታት፣ አንድ የውጭ ድረ ገጽ ለጻፍኩለት ጽሑፍ በቢትኮይን ከፈለኝ። ያኔ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከወላጆቼ በወረስኩት ቤት ብቻዬን እኖር ነበር፤ ኢንተርኔቱም ደስ ባለው ቀን ብቻ ይመጣል። ገንዘቡ ቅርንጫፍ የለው፣ ወረፋ የለው፣ የሚያመናጭቅ ጸሐፊ የለው። መክፈቻው አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ ከጠፉ ማንም አይመልሳቸውም። ደብረ ብርሃን ያከመኝ ሐኪም «ልብህ ደክሟል፤ ብቻህን አትኑር» እስኪለኝ ድረስ ነገሩን ወድጄው ነበር።

ድንገት ብሞት ቃላቱ ማን ዘንድ ይሁኑ? ሳስብ ሳስብ የመጡልኝ የነፍስ አባቴ ብቻ ናቸው። ሊጠይቁኝ ሲመጡ ነገሩን አስረድቼ ቃላቱን የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠኋቸው።

«ዋሱ ማነው?» አሉኝ።

«ዋስ የለውም አባቴ። የሚጠብቀው ሒሳብ ነው።»

«ሰው የማይገባበት ገንዘብ? ላንተማ ልክህ ነው። ለመሆኑ ስንት በግ ይገዛል?»

«ዛሬ ስምንት። ባለፈው ሳምንት አሥራ አንድ ነበር።»

«ሦስቱን ቀበሮ በላቸው?»

ሳቅሁ። የገዛ ሳቄ በባዶው ቤት ውስጥ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«እንደ ክታብ በቆዳ አሰፍተህ አንገትህ ላይ እሰረው» አሉ።

«አብሮኝ ይቀበራላ!»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «ኃጢአትህን እይዝልሃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ይህን ግን ስትሞት የሚያለቅስልህ ሰው ይያዘው።»

«እንዲያ ያለ ሰው የለኝም።»

በመስቀላቸው ግንባሬን ነክተው ወጡ።

ልቤ ሐኪሙን አሳፍሮ ዛሬም ይመታል፤ ወረቀቱም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የዚህ ገንዘብ ነገር አያዛልቅም የሚሉትን አልሰማም። ያዛልቃል፤ ከሰው የሸሸ ሁሉ ይገዛዋልና ገበያ አያጣም። የሚቸግረው ማውረሱ ነው።

አንተ አንባቢ፣ ምክርህን ተወውና መሐል ሜዳ ና። ቃላቱን ውሰድ፣ ገንዘቡን እንዳሻህ አድርገው። ስሞት ግን ቀብሬ ላይ ቁም።