ረቡዕ ጠዋት የጋገርኩት የፎርማጆ ብስኩት

ታላቅ እህቴ ከዓመት በላይ ቤቴን አልረገጠችም ነበር። ያኮረፈችው ጀሞ ኮንዶሚኒየም መግባቴን ከሌላ ሰው ስለሰማች ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዕቃ ሳስር፣ ዕቃ ስፈታ፣ ዛሬ ነገ ስል ወሬው ቀድሞኝ መካኒሳ እሷ ቤት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ታነሳለች፣ ትመጫለሽ ወይ ስላት ግን ወሬ ትቀይራለች። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ደውላ «ነገ በዚያ በኩል ጉዳይ አለኝ፣ ቁርስ እመጣለሁ» ስትለኝ በደስታ የምገባበት ጠፋኝ። በኔ ሐሳብ፣ ቤቴ ቁጭ ብላ ከእጄ ከበላች ኩርፊያው አበቃ።

ፎርማጆ ደግሞ ነፍሷ ነው። በስልኬ አይቼ ሁለቴ የሞከርኩት ብስኩት ነበርና እሱን ልጋግርላት በጠዋት ተነሳሁ። ዱቄቱን ከቤኪንግ ፓውደር ጋር ነፋሁት፤ ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ ጨምሬ ፍርፋሪ እስኪመስል በጣቴ አሸሁት። ፎርማጆውን ፈቅፍቄ ጨመርኩና በትንሽ ወተት ሰበሰብኩት። ብዙ ካሹት ይደርቃል፣ ይሄን የተማርኩት አበላሽቼ ነው። በሻይ ብርጭቆ አፍ እየቆረጥኩ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዶ ነበር መሰለኝ፣ እህቴ ገና በር ላይ ሆና ቆም አለች።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«የፎርማጆ ብስኩት ነው እትዬ። ላንቺ ብዬ።»

ተቀመጠች። ሳህኑን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።»

ክው አልኩ። ረቡዕ ጾም ነው፣ ወተትም ቅቤም አይነካም። ግን ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ሐምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም ይበላል። ሐምሳው አልቋል ወይስ አላለቀም? ከደቂቃ በፊት ብትጠይቁኝ አላለቀም ብዬ እምልላችሁ ነበር። እሷ ግን ከቤተ ክርስቲያን የማትጠፋ ሰው ናት፤ አፏን ሞልታ ስትናገር የራሴው ጭንቅላት ከዳኝ።

«ሐምሳው አላለቀም እኮ።»

«አልቋል። አንቺ ለሆድሽ ሲሆን መቼ ቀን ታውቂያለሽ!»

ቆጠራ ገባን። እኔ ሳምንት የማስታውሰው በሰፈር ነገር ነው፦ ውሃ የጠፋበት፣ የጎረቤቴ ልጅ የተዳረችበት፣ ሀይሌ ጋርመንት ለቅሶ የሄድኩበት። ከፋሲካ ወዲህ በጣቴ ስድስት እሁድ መጣልኝ። እሷ ስምንት አለች። ደግመን ስንቆጥር እኔ ሰባት አገኘሁ፤ እሷ መሃል ላይ ጠፋባትና ተናደደች።

«ሰርጉን ሁለቴ ቆጠርሽው!» አልኳት።

«አንቺስ ለቅሶውን መች ቆጠርሽው?»

ብስኩቱ እየቀዘቀዘ ነው። እኔን የጨነቀኝ ግን ቀኑ ብቻ አልነበረም። ጾም ነው ያለችኝ እውነት ጾም መስሏት ነው ወይስ ከእጄ ላለመብላት? እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ፊቴን እንዳታይብኝ በረንዳ ወጣሁ።

ከሕንፃችን ሥር ልኳንዳ ቤት አለ። ሰውየው ነጭ ጋዋኑን ለብሶ አንድ ሙሉ የበሬ ታፋ እየሰቀለ ነው። ሦስት ሰዎች ቆመው ይጠብቁታል።

«እትዬ፣ ነይማ እስቲ እዪ!»

መጥታ ቁልቁል አየች። «በረቡዕ?»

«ጾም ቢሆን ለማን ይሰቅላል?»

ከዚያ ገብታ ተቀመጠችና አንዱን ብስኩት ለሁለት ከፍላ ጎረሰች።

«ጨው በዝቶበታል» አለችኝ። ሁለተኛውን አነሳች። ሦስተኛውን ስታነሳ ሻይ ቀዳሁላት።

በላች እንግዲህ። ደስታዬ ግን ሙሉ አልሆን አለኝ። ልትሄድ በር ላይ ስትደርስ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ እውነት ጾም መስሎሽ ነው ወይስ...»

«ወይስ ምን?» አለችኝ ዞር ብላ።

«ወይስ ምንም» አልኩ።

ትኩር ብላ አየችኝ። መሳቅ ይሁን መቆጣት ያማራት አላወቅኩም። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተችና የቀረውን ብስኩት እንድጨምርላት ወደ እኔ ዘረጋችው።